የነጋዴ ኃላፊነት በሽያጭ አያበቃም፤ ስለ ስማርት ስፒከሮች ፕሮግራም መመለስ

ንግድ የሚቆመው በገንዘብና በእምነት መሆኑን በገበያ ውሎ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ገንዘብ የጎደለው ነጋዴ በብድርም ሆነ በዕቁብ ጉድለቱን ሊሞላ ይችላል፤ እምነት የጎደለው ነጋዴ ግን ጉድለቱን የሚሞላበት ብድር ከማንም ዘንድ አያገኝም። ስለዚህም አስተዋይ ነጋዴ አንድን ዕቃ ወደ መደብሩ ከማስገባቱ በፊት የሚመረምረው ምን ያህል ያተርፋል ብሎ ብቻ ሳይሆን፣ በተበላሸ ጊዜ በምን ይጠገናል ብሎም ጭምር ነው። የልብስ ስፌት መኪና የሚያስመጣ መርፌውንና ቀበቶውን አብሮ ያስመጣል፤ ፋኖስ የሚሸጥ ክሩንና ብርጭቆውን ከመደርደሪያው አያጠፋም።

ይህ መልካም ልማድ በዛሬው ጊዜ በአዲስ ዓይነት ሸቀጥ እየተፈተነ ይገኛል። ሸቀጡም ስማርት ስፒከር የሚባለው ነው። መልኩ የድምፅ ማጉያ ነው፤ ውስጡ ግን ኮምፒውተር ነው። አማዞን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ኤኮ ብሎ የሰየመውን እ.ኤ.አ. በ2014 አወጣ፤ ጉግል እ.ኤ.አ. በ2016 ተከተለ፤ አፕልም ሆምፖድ የተባለውን እ.ኤ.አ. በ2018 ለገበያ አቀረበ። ባለቤቱ በቃል ሲያዝዘው ሙዚቃ ያሰማል፣ ሰዓት ይናገራል፣ የቤት መብራት ያበራል፣ ያጠፋል። አፕል በኢትዮጵያ የራሱ መደብር ስለሌለው ዕቃው ወደ አገር የሚገባው ባብዛኛው ከአሜሪካና ከዱባይ በሚመጣ መንገደኛ ሻንጣ ወይም በግል አስመጪ እጅ ነው። እንግዲህ ዕቃው በተበላሸ ጊዜ ገዢው የሚያውቀው ፊት የሠሪው ፊት ሳይሆን የሻጩ ፊት ብቻ ነው ማለት ነው።

የዚህ ዓይነት ዕቃ አበላሹም ከቀድሞው የተለየ ነው። ሬድዮ ሲበላሽ ሽቦው ይበጠሳል፣ ወይም አንዱ ክፍል ይቃጠላል፤ ባለሙያም ከፍቶ አይቶ ያገኘዋል። ስማርት ስፒከር ግን አንድም ሽቦ ሳይበጠስ፣ አንድም ክፍል ሳይቃጠል በድን ሊሆን ይችላል። ምክንያቱም ዕቃውን የሚያንቀሳቅሰው በውስጡ ባለው የማስታወሻ ቺፕ ላይ የተጻፈ ፈርምዌር የሚባል ፕሮግራም ስለሆነ ነው። ይህ ፕሮግራም በየጊዜው በኢንተርኔት ይታደሳል። በእድሳቱ መካከል መብራት ቢጠፋ፣ ወይም ከሠሪው የመጣው አዲስ ፕሮግራም ራሱ እንከን ቢኖርበት፣ ጽሑፉ በግማሽ ይቀራል። ያን ጊዜ ዕቃው መነሻውን ያጣል። አንዳንድ ሠሪዎች ይህን አስቀድመው በማሰብ የፕሮግራሙን ሁለት ቅጂ በዕቃው ውስጥ ያኖራሉ፤ አንዱ ቢበላሽ በሌላው እንዲነሣ ነው። ሁሉም ግን እንዲህ አያደርጉም።

መብራት በየጊዜው በሚቋረጥበት ከተማ ይህ ነገር ተራ ወሬ አይደለም። ገዢዋ ዕቃውን ይዛ ትመለስና፣ «ወንድሜ፣ ትናንት ይሠራ ነበር፤ ማታ መብራት ሄዶ ሲመጣ ዝም አለብኝ» ትላለች። ባለመደብሩም አገላብጦ ያይና፣ «እትዬ፣ ይኸ አበቃለት፤ ሌላ ይግዙ» ይላል። የዕቃው አካል ግን ምንም አልሆነም። የጠፋው ጽሑፉ ብቻ ነው፤ ጽሑፍም እንደገና ሊጻፍ ይችላል። ባለመደብሩ ይህን ባለማወቁ ገዢዋ ገንዘቧን፣ እርሱም ደንበኛውን አጣ።

ጉዳዩ በገንዘብ ሲመዘንም ቀላል አይደለም። ሆምፖድ ሚኒ የተባለው ትንሹ የአፕል ማጉያ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 በአሜሪካ ለገበያ ሲቀርብ የተቆረጠለት ዋጋ 99 ዶላር ነበር። የብር የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ስለነበረ፣ ይህ ዋጋ ከ5,600 ብር ብዙም አይበልጥም ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ዶላር ከ100 ብር በላይ ስለሆነ፣ ቀረጥና ማጓጓዣ ሳይጨመር ዋጋው ብቻውን ከ9,900 ብር በላይ ነው። ይህን ያህል ዋጋ ያለውን፣ በውጭ ምንዛሪ የተገዛውን ዕቃ ጽሑፉ ስለጠፋ ብቻ ወደ ቆሻሻ መጣል ለገዢውም ለአገርም ኪሳራ ነው።

ታዲያ ፕሮግራሙ የሚመለስበት መንገድ አለን? መልሱ በዕቃው አሠራር ላይ የተመሠረተ ነው። ለዚህም ከአፕል ሁለት ማጉያዎች የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ትልቁ ሆምፖድ በአሜሪካ 349 ዶላር ይሸጥ ነበር። ይህ ውድ ዕቃ ገዢው ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኝበት ግልጽ መሰኪያ አልነበረውም። መሰኪያው ከታች በጎማው መቆሚያ ሥር ተሸፍኖ፣ 14 እግሮች ያሉት ሆኖ፣ ለፋብሪካው ሰዎች ብቻ ተዘጋጅቶ ነበር። የዕቃው አካልም በሙጫ የተጣበቀ ስለሆነ፣ አይፊክስት የተባለው የጥገና ድርጅት ዕቃውን ፈትቶ ከመረመረ በኋላ ለመጠገን ያለውን ምቹነት ከ10 ነጥብ 1 ብቻ ሰጠው። አፕልም ይህን ዕቃ መሥራት ማቆሙን እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 አስታወቀ።

ትንሹ ሆምፖድ ሚኒ ግን በ99 ዶላር ዋጋው ታላቁ ያልነበረውን ነገር ይዞ መጣ። የኤሌክትሪክ ገመዱ ጫፍ ዩኤስቢ ሲ የሚባለው ዓይነት ስለሆነ፣ ያው ገመድ በኮምፒውተር ላይ ሊሰካ ይችላል። ፕሮግራሙ የተበላሸበት ሰው ዕቃውን ወደ ሠሪው መላክ ሳያስፈልገው በጠረጴዛው ላይ ይመልሰዋል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ዋጋው የተወደደ ሁሉ የሚጠገን አይደለም፤ ዋጋው የረከሰም ሁሉ የሚጣል አይደለም። ነጋዴ በዋጋና በስም ብቻ ዕቃ ቢመርጥ ይሳሳታል።

አሠራሩም ረጅም አይደለም። በመጀመሪያ የማጉያው ገመድ ከአዳፕተሩ ይነቀልና በኮምፒውተሩ መሰኪያ ላይ ይሰካል። በማጉያው አናት ላይ ያለው መብራት ብርቱካናማ ሆኖ ብልጭ ድርግም ሲል፣ በማክ ኮምፒውተር ፋይንደር የተባለው መስኮት፣ በዊንዶውስ ኮምፒውተር ደግሞ አፕል ለዚሁ ያዘጋጀው ፕሮግራም ይከፈታል። የዕቃው ስም በዝርዝሩ ውስጥ ሲታይ ይመረጥና እንዲመለስ ይታዘዛል። ኮምፒውተሩም ትክክለኛውን ፕሮግራም ከአፕል ማከማቻ በኢንተርኔት አውርዶ በዕቃው ላይ እንደገና ይጽፈዋል። ሥራው እስኪፈጸም ድረስ ገመዱን አለመንካት፣ ኮምፒውተሩንም እንዳያንቀላፋ መጠበቅ ያስፈልጋል። ከዚህ በኋላ ዕቃው እንደ አዲስ ይሆንና ባለቤቱ በአይፎን ወይም በአይፓድ እንደገና ከቤቱ ኢንተርኔት ጋር ያስተዋውቀዋል።

በዚህ ሥራ ውስጥ ባለመደብሮች ሊያስተውሏቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። የሆምፖድ ሚኒ ገመድ ከዕቃው የማይነቀል ነው። በውስጡ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉት ሽቦዎች ብቻ ሳይሆኑ መልእክት የሚያመላልሱትም ይገኛሉ። ገመዱ ቢቆረጥና የሰፈር ጠጋኝ ኤሌክትሪኩን ብቻ ቢቀጥል ማጉያው ይበራል፤ የኮምፒውተሩ መንገድ ግን ይዘጋል። እንዲሁም ፕሮግራም መመለስ የተቃጠለ ክፍልን አያድንም። ስለዚህ ጽሑፍ የጠፋበትን ዕቃ አካሉ ከተጎዳው ለይቶ ማወቅ የባለመደብሩ የመጀመሪያ ተግባር ነው። ዕቃው በኮምፒውተሩ ላይ ከታየ ተስፋ አለው፤ በተለያየ ኮምፒውተር ተሞክሮ ምንም ምልክት ካልሰጠ ወደ ባለሙያ መላክ አለበት።

ከዚህም ሌላ በብዙዎች ዘንድ የሚደባለቁ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ዕቃውን ወደ ፋብሪካ ሁኔታው መመለስ ነው፤ ይኸውም የባለቤቱን ስም፣ የኢንተርኔቱን የይለፍ ቃልና የመሳሰለውን መደምሰስ ነው። ሁለተኛው ፕሮግራሙን ራሱን እንደገና መጻፍ ነው። የመጀመሪያው የቤቱን ዕቃ አውጥቶ እንደ መጥረግ ሲሆን ሁለተኛው መሠረቱን እንደገና እንደ መጣል ነው። አንዱ በሚያስፈልግበት ሌላውን ማድረግ ጉዳት ያመጣል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 ሁለተኛው ትውልድ ክሮምካስትና ማጉያን ከኢንተርኔት የሚያገናኘው ክሮምካስት ኦዲዮ የተባሉት የጉግል ዕቃዎች በብዙ አገሮች በአንድ ጊዜ ሥራ አቆሙ። ምክንያቱ በውስጣቸው የነበረው የኤሌክትሮኒክ የምስክር ወረቀት ዘመኑ ማለፉ ነበር። ጉግል መፍትሔ እስኪያዘጋጅ ድረስ ባለቤቶቹ ዕቃቸውን ወደ ፋብሪካ ሁኔታው እንዳይመልሱ አስጠነቀቀ። ታግሠው የቆዩት መፍትሔው በኢንተርኔት ደረሳቸው፤ ቸኩለው የደመሰሱት ግን ዕቃቸውን መልሶ ለማስተዋወቅ ተቸገሩ። ቸኩሎ የሚደመስስ ባለመደብርም በደንበኛው ዕቃ ላይ እንዲሁ ያደርጋል።

የገመዱ መንገድ መኖሩ ብቻውን ግን አይበቃም። በዕቃው ዋና ቺፕ ውስጥ ከፋብሪካ ሲወጣ የተቀረጸ፣ ፈጽሞ የማይለወጥ አጭር ፕሮግራም አለ። የዚህ ሥራ ትልቁን ፕሮግራም ከማስነሣቱ በፊት የሠሪው ኤሌክትሮኒክ ፊርማ ያለበት መሆኑን መመርመር ነው። ፊርማ የሌለበትን አይቀበልም። እንግዲህ በሩ በባለመደብሩ ጠረጴዛ ላይ ይሁን እንጂ ቁልፉ ያለው በባሕር ማዶ በሠሪው እጅ ነው። ሠሪው ማከማቻውን ቢዘጋ ወይም ለአሮጌው ዕቃ መፈረሙን ቢያቆም፣ ገመዱም ኮምፒውተሩም ምንም አይፈይዱም።

ሠሪዎች ይህን ቁልፍ እንዴት እንደሚጠቀሙበት ለማወቅ የሶኖስን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። ይህ የአሜሪካ የድምፅ ማጉያ ኩባንያ አሮጌ ዕቃውን በአዲስ ለሚለውጥ ደንበኛ የዋጋ 30 በመቶ ቅናሽ ያደርግ ነበር። ቅናሹን ለማግኘት ግን ባለቤቱ አሮጌውን ማጉያ በፕሮግራም አማካይነት ለሞት ማዘዝ ነበረበት፤ ከ21 ቀን በኋላም ዕቃው ዳግመኛ እንዳይሠራ ሆኖ ይዘጋ ነበር። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2019 ነገሩ በይፋ ሲታወቅ፣ ደህና ዕቃ ለምን ይገደላል የሚል ብርቱ ወቀሳ ተነሣ። ኩባንያውም እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 ይህን አሠራር ተወ። ያገለገሉ ዕቃዎችን ከውጭ የሚያስመጡ ነጋዴዎች ይህን ታሪክ ሊዘነጉት አይገባም። አካሉ እንደ አዲስ የሚያበራ፣ በፕሮግራም ግን የተዘጋ ማጉያ በጅምላ የገዛ ሰው ባዶ ሣጥን ገዛ ማለት ነውና።

በሌላ በኩል ሠሪዎች የሚያቀርቡት ምክንያት ፈጽሞ መናቅ የለበትም። ፊርማ የሌለበት ፕሮግራም ሁሉ እንዲገባ ቢፈቀድ፣ ተንኮለኛ ሰው በቤት ውስጥ ያለውን ማይክሮፎን የስለላ መሣሪያ ሊያደርገው ይችላል ይላሉ። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ፊርማን መጠበቅና መሰኪያን መደበቅ አንድ አይደሉም። ሆምፖድ ሚኒ ፊርማውን እንደ ጠበቀ የኮምፒውተሩን መንገድ ከፍቷል። ቦዝ የተባለውም የድምፅ ማጉያ ኩባንያ ብዙዎቹን ዕቃዎቹን ገዢው በዩኤስቢ ገመድ ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ ፕሮግራማቸውን የሚያድስበትን መንገድ አዘጋጅቷል። ስለዚህ ደኅንነት መንገዱን ሙሉ በሙሉ ለመዝጋት ሰበብ ሊሆን አይችልም።

አንዳንድ ባለመደብሮችም፣ «የእኛ ሥራ መሸጥ ነው፤ መጠገን የሠሪው ነው» ይሉ ይሆናል። ሠሪው በአጠገብ ባለበት አገር ይህ አነጋገር በመጠኑ ሊያስኬድ ይችል ነበር። ይሁን እንጂ በእነዚያ አገሮች እንኳ ሕጉ ሻጩን ነጻ አላደረገውም። በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው የዕቃ ሽያጭ ደንብ መሠረት፣ ፕሮግራም ያለበት ዕቃ የሸጠ ሰው አስፈላጊው እድሳት ለገዢው መድረሱን የማረጋገጥ ግዴታ አለበት። በእንግሊዝ አገርም እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 29 ቀን 2024 ጀምሮ፣ ከኢንተርኔት ጋር የሚገናኝ ዕቃ የሚሠራ ሁሉ የደኅንነት እድሳት ቢያንስ እስከ መቼ እንደሚሰጥ በግልጽ እንዲያስታውቅ ተደንግጓል። የዚህ ሕግ ኃላፊነት ለሠሪው ብቻ የተተወ አይደለም፤ አስመጪውና አከፋፋዩም ድርሻ አላቸው። በኢትዮጵያም በ2006 ዓ.ም የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813፣ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ሠሪው ሩቅ በሆነ መጠን የሻጩ ኃላፊነት ይከብዳል እንጂ አይቀልም።

«ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ይላል ያገራችን ሰው። መመጠኛው ጊዜ ዕቃው ከመገዛቱ በፊት ነው። ስለዚህ አስመጪ ለውጭ አቅራቢው ትእዛዝ ከመስጠቱ በፊት የሚከተሉትን ጥያቄዎች አቅርቦ መልሳቸውን በጽሑፍ ሊቀበል ይገባዋል። አንደኛ፣ የዕቃው ፕሮግራም ቢበላሽ ያለ ሠሪው ባለሙያ በኮምፒውተርና በገመድ ሊመለስ ይችላልን? ሁለተኛ፣ ለዚህ የሚያስፈልገው ፕሮግራም ከኢትዮጵያ ሆኖ ሊወርድ ይችላልን? ሦስተኛ፣ ሠሪው እድሳት የሚሰጠው እስከ የትኛው ዓመት ድረስ ነው? አራተኛ፣ የሠሪው ማከማቻ ቢዘጋ ዕቃው ቢያንስ እንደ ተራ ድምፅ ማጉያ ይሠራልን? አምስተኛ፣ ዕቃው ያገለገለ ከሆነ የቀድሞው ባለቤት ስሙን ከዕቃው ላይ አንሥቷልን? ለእነዚህ መልስ የማይሰጥ አቅራቢ ዋጋውን ቢያረክስም የቀነሰው ሒሳብ ኋላ በነጋዴው ስም ላይ ይጻፋል።

የባለመደብሩም ድርሻ ከአቅም በላይ አይደለም። አንድ ኮምፒውተር፣ መልእክት የሚያስተላልፍ ደኅና ገመድ፣ የማይቆራረጥ ኢንተርኔት፣ መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኤሌክትሪክ የሚሰጥ ዩፒኤስ፣ የየዕቃውን አመላለስ በአማርኛ የያዘ አንድ ደብተር፤ መሣሪያው ይኸው ነው። ይህን የሚሠራ አንድ ወጣት ሠራተኛ ቢያሠለጥን ወጪው በጥቂት ከሞት የተመለሱ ዕቃዎች ይተካል። አንድ ነገር ግን በጥብቅ መጠበቅ አለበት፤ ሥራው ከመጀመሩ በፊት በዕቃው ውስጥ የነበረው የግል ማስተካከያ እንደሚደመሰስ ለባለቤቱ ነግሮ ፈቃዱን መቀበል ነው። በደረሰኙም ላይ ዕቃው በኮምፒውተር የሚመለስ መሆኑ ወይም አለመሆኑ ቢጻፍ፣ ገዢው የሚገዛውን አውቆ ይገዛል፤ ሻጩም በኋላ ከሚመጣ ጭቅጭቅ ይድናል።

ላኪዎችም ይህ ነገር አይመለከተንም ሊሉ አይችሉም። በቡና መጋዘን በር ላይ የተሰቀለው ካሜራ፣ በጽሕፈት ቤት ያለው የኢንተርኔት ማከፋፈያ፣ በሒሳብ ክፍል ያለው ማተሚያ፣ የካርድ ክፍያ የሚቀበለው መሣሪያ፣ ሁሉም ፈርምዌር የሚያንቀሳቅሳቸው ናቸው። የማጓጓዣ ሰነድ ለባንክ በሚላክበት ቀን የኢንተርኔት ማከፋፈያው በድን ቢሆን የሚዘገየው ሙዚቃ አይደለም፤ ክፍያ ነው። ስማርት ስፒከር ትንሽ ዕቃ ይሁን እንጂ የሚያስተምረው ትምህርት የቢሮውን ዕቃ ሁሉ ያጠቃልላል።

የንግድ ምክር ቤቶችም በዚህ ረገድ ሊሠሩት የሚችሉት ብዙ ነው። አንድ አስመጪ ብቻውን ለውጭ ሠሪ ቢጽፍ ደብዳቤው በዝምታ ሊታለፍ ይችላል፤ ብዙ አስመጪዎች በአንድ ድምፅ ቢጠይቁ ግን ሠሪው እንደ ገበያ ይቆጥራቸዋል። ምክር ቤቶቹ ከላይ የተዘረዘሩትን ጥያቄዎች የያዘ አንድ ወጥ ቅጽ ቢያዘጋጁ፣ አባሎቻቸውም ያለዚህ ቅጽ ትእዛዝ ባይሰጡ፣ ዛሬ እንደ ችሮታ የሚታየው የኮምፒውተር መንገድ ነገ የተለመደ የሽያጭ ውል ይሆናል።

ዕቃ ሁሉ አንድ ቀን መበላሸቱ አይቀርም፤ በዚህ ሻጩን የሚወቅሰው የለም። የሚወቀሰው ሊመለስ የሚችለውን ዕቃ አበቃለት ብሎ ደንበኛውን ባዶ እጁን የሰደደ፣ ወይም መመለሻ የሌለውን ዕቃ አውቆ እንዳላወቀ ሆኖ የሸጠ ነው። በድን የሆነውን ማጉያ በፊቱ ሲያስነሣለት ያየ ገዢ ግን ሁለተኛውን ዕቃ የሚገዛበትን መደብር ለመምረጥ አያመነታም፤ ለጎረቤቱም ይናገራል። ከዚህ የተሻለ ማስታወቂያ በገንዘብ አይገዛም።